የታመቀ አየርና የኛ መድረክ

እ.አ.አ. በ2019 ዓ.ም. «የሪያድ ወቅት» ከተጀመረ ወዲህ በዚህ ከተማ ትልልቅ የትርዒት መድረኮች ይተከላሉ። ነሲም በምንኖር ተማሪዎች መካከል በጉዳዩ ላይ ሁለት አስተያየት ይሰነዘራል። አንደኛው፣ «በመሣሪያ የሚንቀሳቀስ መድረክ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» ይላል። ሁለተኛው፣ «ገንዘብ ሲገኝ ሙሉውን ከውጭ ገዝቶ ማስገባት ነው» የሚል ነው። ሁለቱም የተሳሳቱ ናቸው።

በቅድሚያ ነገሩን እንመርምር። ኮምፕረሰር አየር አምቆ በታንክ ያከማቻል፤ ቫልቩ ሲከፈት አየሩ ወደ ሲሊንደር ገብቶ ፒስተኑን ይገፋል። የውስጥ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሲሊንደር በ6 ባር ግፊት 480 ኪሎ ግራም ያህል የመግፋት ጉልበት አለው። የመድረክ ወለል በር ለመክፈት ወይም የትዕይንት ግድግዳ ለማንሸራተት ይህ ይበቃል።

ይህ ዕውቀት ለአዲስ አበባ እንግዳ ነውን? አይደለም! ጎሚስታው ጎማ የሚነፋው፣ የከባድ መኪና ፍሬንም የሚሠራው በዚሁ አየር ነው። ስለዚህ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም ሆነ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር ቢፈልጉት፣ የሚጠግን እጅ ከጋራዥ አይታጣም። ሙሉውን ከውጭ ማስገባት ግን የመለዋወጫ ጠባቂ ያደርጋል።

ይህ ሲባል አየር ሁሉን ይችላል ማለት አይደለም። አየር ስለሚታመቅ ፒስተኑን መሐል መንገድ ላይ በትክክል ማቆም ያስቸግራል። «ክፍት» ወይም «ዝግ» ለሚባል ሥራ ግን ይስማማል። ሲወጣም ይጮኻል፤ ማፈኛ ካልተደረገለት የተዋናዩን ድምፅ ይውጣል። ከሁሉ የከፋው አደጋው ነው። መብራት ቢጠፋም በታንኩ ያለው ግፊት አይጠፋም፤ ቱቦ ቢፈነዳ ደግሞ የተሸከመው ነገር ይወርዳል።

እዚህ ላይ የከባድ መኪና የእጅ ፍሬን ያስተምረናል፦ አየሩ ሲያልቅ ሞላው ጎማውን ይይዛል። መድረክም እንዲሁ መሠራት አለበት። ሰው የሚቆምበት ወለል በአየር ብቻ አይያዝ፤ የብረት መቆለፊያ ይኑረው። ለጥገና የሚገባ ሠራተኛም አስቀድሞ አየሩን የማስተንፈስና ቫልቩን የመቆለፍ መብት ይኑረው። «ትርዒቱ ዘገየ» ተብሎ ይህ ሊታለፍ አይገባም። አደጋው የሚወድቀው በተጋባዡ ላይ ሳይሆን ከመጋረጃ ኋላ ባለው ወዝአደር ላይ ነው።

የምሕንድስና ተማሪዎች ሆይ! የመመረቂያ ሥራችሁን ወደ አገራችን መድረክ አዙሩት። ከባለሙያው ጋር ሥሩ፣ ከጎሚስታውም ተማሩ።

ዕውቀታችን ለሕዝባችን!