ሳይቃጠል በቅጠል ወይስ ከተቃጠለ በሄሊኮፕተር?

ባለፈው ወር በክበባችን የውይይት ምሽት ላይ አንድ ወንድማችን ተነሥቶ ስለ እንጦጦ ደንና ስለ እሳት አደጋ ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። ንግግሩ አማረ፤ ጭብጨባውም አላነሰም። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ አልዋሽም። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነገሩን ሳመላልሰው ግን ያጨበጨብኩበት እጅ አሳፈረኝ። ለምን ቢባል፣ የንግግሩ አበባ ሲራገፍ የሚቀረው ፍሬ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛ፣ ቅጠል ጠራጊዎቹንና ጭራሮ ለቃሚዎቹን ሴቶች ከደኑ ጠራርጎ ማስወጣት፤ ሁለተኛ፣ መንግሥት እሳት የሚያጠፋ ሄሊኮፕተር እንዲገዛ መጠየቅ። ወንድማችን አይቀየመኝ፤ ጠቤ ከሐሳቡ ነው እንጂ ከእሱ ጋር አይደለም።

ከሄሊኮፕተሩ እንጀምር። ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እኛ ገናን ውለን ማታ እንግዳ ስንሸኝ፣ አሜሪካን አገር በሎስ አንጀለስ ዳርቻ ያሉት ኮረብታዎች ተያያዙ። ብዙዎቻችን እዚያ ዘመድ አለን፤ ሌሊቱን ስልክ ስንደውል ያደርን አለን። ካሊፎርኒያ እኮ በእሳት ማጥፊያ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ብዛት የሚወዳደራት የሌላት ግዛት ናት። ታዲያ በዚያች ሌሊት ምን ሆነ? ንፋሱ በረታና አውሮፕላኖቹ መሬት ላይ ተቀመጡ። በፓሊሴድስ ኮረብታ ላይ ያሉት የእሳት አደጋ ቧንቧዎች ውሃ አጡ። የፓሊሴድስና የኢተን እሳቶች ሁለቱ ብቻ ከ16,000 በላይ ቤቶችንና ሕንጻዎችን አመድ አደረጉ፤ 30 ያህል ሰው ሞተ። በኢተን እሳት ከሞቱት የሚበዙት የምዕራብ አልታዲና ነዋሪዎች ነበሩ፤ “ውጡ” የሚለው ትእዛዝ የደረሳቸው እሳቱ ከተነሣ ከብዙ ሰዓታት በኋላ ነው። ከእሳቱ ፊት ከቆሙት መካከል ደግሞ እስረኞች ነበሩበት። የቀን ክፍያቸው ያን ጊዜ ከ5 ዶላር ከ80 ሳንቲም እስከ 10 ዶላር ከ24 ሳንቲም ነበር፤ እሳት ላይ ሲሰማሩ በሰዓት 1 ዶላር ይጨመርላቸው ነበር። አንዳንድ ባለጸጋ በበኩሉ ለቤቱ ብቻ የሚቆም የግል እሳት አጥፊ ቀጥሮ ነበር። እንግዲህ ያ ሁሉ ሀብት ባለበት አገር እሳት ሰው ሲመርጥ ካየን፣ እኛ ዘንድ አንድ ሄሊኮፕተር ቢገዛ መጀመሪያ የማንን ጣሪያ ያረጥባል?

እኛም ብንሆን ቀምሰነዋል። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ከመቶ ሺህ ሄክታር በላይ ደንና ቁጥቋጦ ሲነድ ባለሙያ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ መጣ። ያን ጊዜ “ደኑ ሲነድ ለምን ዝም ይባላል?” ብለው ድምፃቸውን ያሰሙት በኦሮሚያ የሚገኙ ተማሪዎች እንደነበሩ አንርሳ። በ2011 ዓ.ም. ሰሜን ተራሮች ሲቃጠል ደግሞ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ እሳት አጥፊ ከእስራኤል መጣ። ለመጡት ምስጋና ይድረሳቸው። ግን እንዲያ ያለው እርዳታ የሚመጣው ከነደደ በኋላ ነው። አባቶቻችን “ሳይቃጠል በቅጠል” ያሉት ሄሊኮፕተር ስላልነበራቸው ይመስላችኋል? እሳት የሚሸነፍበት ሰዓት የትኛው እንደሆነ ስላወቁ ነው እንጂ።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ። ቤት በሰደድ እሳት እንዴት ይቃጠላል? ብዙዎቻችን እሳቱን እንደ ጎርፍ እናየዋለን፤ ተራራውን እየላሰ ወርዶ ቤቱን የሚውጥ ግድግዳ። ነገሩ እንዲያ አይደለም። አብዛኛውን ቤት የሚያቃጥለው ቀድሞ በንፋስ የሚበር ትንታግ ነው። ትንታጉ ጣሪያ ሥር፣ አጥር ሥር፣ ግድግዳ ተደግፎ የተከመረ ደረቅ ነገር ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ቤቱ ራሱ ማገዶ ይሆናል፤ ቀጥሎ የጎረቤትን ቤት ይለኩሳል። ጃክ ኮኸን የተባለው የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ ዕድሜውን በዚህ ጥያቄ ላይ አሳልፏል። እሱና ባልደረቦቹ በካናዳ ደን ውስጥ የእንጨት ግድግዳ አቁመው ደኑን ሆን ብለው ለኮሱት። 10 ሜትር ላይ የቆመው ግድግዳ ሊያያዝ ቻለ፤ 30 ሜትር ላይ የቆመውን ግን የነበልባሉ ግለት አላያያዘውም። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የቤትህን ዕድል የሚወስነው በተራራው ጫፍ ያለው ደን ሳይሆን ቤትህና በዙሪያው ያለው 30 ሜትር ነው።

ምስክር ካስፈለገ ፓራዳይዝ የምትባለውን ከተማ ጠይቁ። እ.አ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2018 እዚያው ካሊፎርኒያ 85 ሰው ሞተባት፤ ከ18,000 በላይ ሕንጻ ጠፋ። ቤቱ አመድ ሆኖ አጠገቡ ያለው ዛፍ አረንጓዴ እንደሆነ የቀረበት ግቢ ብዙ ነበር። ከ2008 ወዲህ በወጣው የግንባታ ደንብ ከተሠሩት ቤቶች ግማሽ ያህሉ ሳይጎዱ ሲቀሩ፣ ከዚያ በፊት ከተሠሩት ግን ከአምስት አንዱ እንኳ በደህና አልቀረም። እሳቱንስ ማን ለኮሰው? ጭራሮ ለቃሚ? የለም! መቶ ዓመት ሊሞላው በተቃረበ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ያረጀ መንጠቆ ተበጥሶ ነው። የመስመሩ ባለቤት ፓሲፊክ ጋዝ ኤንድ ኤሌክትሪክ በ2020 ፍርድ ቤት ቀርቦ በ84 ሰዎች ሞት ጥፋተኛ መሆኑን አምኗል። ድሀን መክሰስ ቀላል ነው፤ ምርመራ አያስፈልገውም።

“ታዲያ ይህ ሁሉ የፈረንጅ አገር ወሬ ለእንጦጦ ምኑ ነው?” የሚል አይጠፋም። መልሱ ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ረሀብ ያዳናት ነጭ ባሕር ዛፍ፣ በካሊፎርኒያ የኦክላንድ ኮረብቶችም ላይ በብዛት የተተከለው እሱው ነው። እ.አ.አ. በኦክቶበር 1991 ኦክላንድ ላይ አንድ ትንሽ የሣር እሳት ተነሣ፤ ጠፋ ተባለ። በማግስቱ ንፋስ ሲነሣ አገረሸ። 25 ሰው ሞተ፣ 3,000 ያህል መኖሪያ ተቃጠለ። ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነው የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታው ከምን እንደሚመጣ አስቡ፤ ከዘይት ነው። ልጡም እየተላጠ ረዝሞ ይንጠለጠላል፤ እሳት ሲነካው ትንታግ ሆኖ ይበራል።

እዚህ ላይ የግሌን ነገር ልናገር። እኔ የጉለሌ ልጅ ነኝ። እናቴ እኛን ያሳደገችን ከእንጦጦ በጠረገችው ቅጠል እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ነው። አንድ ቀን ዘበኛ አግኝቷት ሸክሟን አስጥሎ ገመዷን ቀማት። እናቴ ያለቀሰችው ለቅጠሉ አልነበረም፤ ለገመዱ ነበር። ከ30 ኪሎ በላይ ተሸክመው ያን ዳገት የሚወርዱ እናቶች ስንት እንደሆኑ ሁላችንም እናያለን። አሁን ልብ በሉ! ካሊፎርኒያ በሚሊዮን ዶላር ሠራተኛ ቀጥራ ከደኑ መሬት ላይ የምታስጠርገው ደረቅ ቅጠልና ጭራሮ፣ እነ እናቴ በነጻ ሲጠርጉት የኖሩት ያንኑ ነው። እኛ “ሌባ” ብለን እናባርራቸዋለን፤ ቅጠሉ ይከመራል፤ ከዚያ ሄሊኮፕተር እንመኛለን። ይሄ ሳይንስ ነው?

ወንድማችን ያነሣው አንድ እውነት ግን አለ፤ አልሸሽገውም። ቅጠሉ ሁሉ ሲጠረግ አፈሩ ይራቆታል፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ይወስደዋል፤ የጽድና የወይራ ችግኝም አይበቅልም። እውነት ነው። እንግዲያው መፍትሔው ማባረር ሳይሆን ቦታ መለየት ነው። ከቤቶቹ ጀምሮ እስከ 30 ሜትር ያለው ዳርቻ ይጠረግ፤ ጠራጊዎቹም በደሞዝ ይቀጠሩ። የጫካው ውስጥ ይረፍ። በዳርቻው ያለው ባሕር ዛፍ ቀስ በቀስ ይሳሳ።

የሰፈራችንንም ጉድ እንይ። የቆርቆሮ ጣሪያችን በትንታግ አይያያዝም፤ ይህ ዕድላችን ነው። ነገር ግን በጣሪያውና በግድግዳው መሐል ያለው ክፍተት፣ ግድግዳ ተደግፎ የተከመረው ጭራሮ፣ ማዳበሪያ ከረጢቱ፣ ከቤቱ ጋር የተጣበቀው የእንጨት አጥር፣ ሁሉም የእሳት መንገድ ነው። ቤቶቻችን ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈዋል። የእሳት አደጋ መኪና የማያስገባ መንገድ የሠራነው ግን እኛ አይደለንም፤ ድሀውን ጫካ ጥግ ድረስ የገፋው የመሬት ጥያቄ ነው። በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ለመናፈሻው ሰፊ መንገድ መሥራት ተችሏል፤ ታዲያ ለሰፈሩ አንድ መውጫ መንገድና አንድ የውሃ ታንከር ለምን አይቻልም?

ስለዚህ ሄሊኮፕተሩን ትተን የምንጠይቀውን እንወቅ። ለጠራጊ እናቶች ደሞዝና መታወቂያ እንጠይቅ። ለሰፈሩ መንገድና ውሃ እንጠይቅ። ከራሳችንም እንጠይቅ! የዕድራችን ጥሩምባ ለቀብር ብቻ ነው የሚነፋው? የአልታዲና ሰው ማስጠንቀቂያ ዘግይቶበት ሞተ፤ እኛ ግን ሰፈሩን ሁሉ የሚቀሰቅስ ጥሩምባና የእያንዳንዱን ቤት አቅመ ደካማ የሚያውቅ ዕድር አለን። ኅዳር 12 ቀንም አለችን። ኅዳር ሲታጠን ከተማው በሞላ መጥረጊያ ይዞ ይወጣል፤ በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን የፈጀው በሽታ ያስተማረን ሥርዓት ነው። ያች ቀን የምትውለው በጋው ሲጀምር ነው። በጫካው ጥግ ቆሻሻ ማቃጠሉን ትተን፣ ጠርገን አርቀን ብናወርደው ቀኗ የእሳት መከላከያ ቀን ትሆናለች። በመጪው ኅዳር 12 ጠዋት መጥረጊያ ይዤ ሽሮ ሜዳ ዳገቱ ላይ እገኛለሁ። ወንድማችንም ይምጣ፤ ክርክራችንን ቅጠል እየጠረግን እንቀጥላለን። እናቴም ትኖራለች፤ መጥረጊያ አያያዝ ታሳየናለች።

የጉለሌው