ሪሉ የግራ ነው የቀኝ?

ሙቀቱ ሲገባ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ገዝተው ወደ ፖቶማክ ወንዝ ለሚወርዱ ወገኖቻችን አንድ ነገር እናስታውስ። ክሩ የሚጠቀለልበት ሪል ሳጥኑ ላይ «ግራ» ቢል፣ ማዞሪያው በግራ በኩል ነው ማለት እንጂ ለግራኝ ሰው የተሠራ ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም በቀኝ እጁ የሚወረውር ሰው ዘንጉን በቀኙ እንደያዘ በግራው ቢያዞር እጅ ከመለዋወጥ ይድናል። ዓሣ እንደሆነ አንዳንዴ መንጠቆው ውኃ እንደነካ ነው የሚጎርሰው፤ እጅዎን እስኪቀይሩ አይጠብቅም።

ከዘንጉ በታች የሚንጠለጠለው፣ ስፒኒንግ የሚባለው ዓይነት ብዙ አያሳስብም፤ የአብዛኛው ማዞሪያ ተፈትቶ ወደ ሌላው ጎን ይዛወራል። ጣጣው ከዘንጉ በላይ የሚቀመጠው ቤይትካስተር ነው። የርሱ ማዞሪያ አይዛወርም፤ በገዙት ጎን መኖር ነው። ስለዚህ ገንዘብዎን ሳይከፍሉ እዚያው ሱቁ ውስጥ ዘንግ ላይ አስገጥመው ያዙሩት፤ ሻጩ ቢያጉረመርምም ያጉረምርም። ለዓመታት በቀኙ ማዞር የለመደ ሰው ግን «ግራ ይሻላል» ስለተባለ ብቻ ባይለውጥ ምንም አይቀርበትም።

የማጥመጃ ላይሰንስዎንም አይርሱ። በቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ ከ16 ዓመት ጀምሮ ይጠየቃል።