ክኒኑ አንኮበርን ይወቅ



በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አይሎፔሪዶን የተባለ መድኃኒት የባይፖላር ሕመምተኞችን ማኒያ እንዲያክም ፈቀደ። ለፈቃዱ መሠረት የሆነው ሙከራ የ4 ሳምንት ነበር። እንዲህ ያለ ዜና ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ግን ሐሳቤ ወደ አንኮበር ይሄዳል።

ምክንያቴን በነባሩ መድኃኒት በሊቲየም ላስረዳ። አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ በማኒያ ለታመሙ 10 ሰዎች ሰጥቶ ውጤቱን ያሳተመው በ1941 ዓ.ም. ነው። ሕመሙ እንዳያገረሽ በመከላከል ዛሬም የሊቲየም ስም ከፊት ይጠራል። ነገር ግን የሚያድነውና የሚመርዘው መጠን ስለሚቀራረብ ደም በየጊዜው መመርመር አለበት፤ ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጣ ደግሞ መጠኑ በደም ውስጥ ከፍ ይላል። እንግዲህ በዐቢይ ጾም ከአንኮበር ደጋ ወደ አልዩ አምባ ቆላ የሚወርደውን ገበሬ ያስቡ። ውኃ ሳይቀምስ፣ በዚያ ቁልቁለት፣ በዚያ ላብ! ደሙን ለማስመርመር ደብረ ብርሃን ድረስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ እዚያ ካጣ አዲስ አበባ። ሆስፒታል ተኝቶ በሚታከም ሰው ላይ የተሞከረ መድኃኒት ይህን ሁሉ አላየም። ስለዚህ በእኛ ገጠርም ይጠና እላለሁ።

ከልቤ የማይወጣው ግን ሕመምተኛው በጥናቱ ለመሳተፍ የሚሰጠው ፈቃድ ነገር ነው። ማኒያ የያዘው ሰው ታምሜአለሁ አይልም። ሳይተኛ ያነጋል፣ በሬውን ሸጦ ገንዘቡን ለመንገደኛ ያድላል፣ ለጠየቁት ሁሉ እሺ ይላል። ያ እሺታ ፈቃድ ነው? እኔ አይደለም እላለሁ። አስታማሚው ቢፈርምለት እንኳ ሲረጋጋ ራሱ እንደገና ይጠየቅ፤ እምቢ ቢልም ያለ ቅያሜ ሕክምናው ይቀጥልለት።

በገጠር እንዲህ ያለ ጥናት አይሆንም የሚል ቡታጅራን ይመልከት። በ1990ዎቹ ከ68,000 በላይ ሰዎች ተጠይቀው ባይፖላር ያለባቸው 315 ተለይተዋል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ የጤና ካምፓስ አለው። ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያም ጸበል የሚገቡትን ሕመምተኞች፣ ከካህናቱ ጋር ተማክሮ፣ ክኒናቸውን ሳያቋርጡ እንዲጠመቁ ማገዝና መከታተል ከእሱ ይልቅ ለማን ይቀርባል?

እርስዎም አጥኚ ደጅዎን ቢያንኳኳ አያባርሩት፤ ይጠይቁት እንጂ። ጥናቱ ሲያልቅ መድኃኒቱን ከየት እናገኛለን? የደም ምርመራውን ማን ይከፍላል? ሌላው የባይፖላር መድኃኒት ቫልፕሮት ፅንስን እንደሚጎዳ ታውቋል፤ ይሄ የሚጠናውስ ለመውለድ ለደረሰች ልጃችን ምን ያደርጋታል? መልሱን በቃል ብቻ አይቀበሉት፤ በአማርኛ ተጽፎ እጅዎ ይግባ።