ድንጋዩን የሚያውቁት ሳያልቁ፦ ከቢስቲማ የተነሳ ማኒፌስቶ

በደቡብ ወሎ፣ በቢስቲማና በዙሪያዋ ባሉት የወረባቦ ወረዳ ቀበሌዎች አብዛኛው መቃብር ጽሑፍ የለበትም። በራስጌ አንድ ሻካራ ድንጋይ ይቆማል፣ በግርጌ አንድ፤ መሀሉ ላይ ጠጠር ይከመራል፤ ከዚያ ሣርና ቁጥቋጦ ይለብሰዋል። የማን እንደሆነ የሚያውቁት አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት አሮጊት፣ ቢበዛ የቅሬው፣ የቀብር መረዳጃ ማኅበሩ፣ ዳኛ ናቸው። እነሱ ሲያልፉ ለአጥር የሚለቀም፣ ለእርከን የሚነሳ፣ ለቤት መሠረት የሚጫን ተራ ድንጋይ ይቀራል።

ይህን ቆመን አናይም። እኛ ስንል ተማሪውን፣ መምህሩን፣ የባጃጅ ሾፌሩን፣ ሱቅ ጠባቂዋን፣ ስልክና ትርፍ ሰዓት ያለውን ሁሉ ማለታችን ነው። ደመወዝ የለንም፤ ማኅተምም የለንም። የተነሳነው መቃብሮቻችንን አንድ በአንድ ለመመዝገብና ካርታ ላይ ለማስቀመጥ ነው።

አያቶቻችንን መንግሥት አልመዘገባቸውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ቢደነግግም ድንጋጌው ወረቀት ላይ ቀረ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ ልደትና ሞት በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመረው በሐምሌ 2008 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የሞተ የገጠር ሰው ስሙ የሰፈረው፣ ከሰፈረ፣ በሰው ልብ ነው። በአንጻሩ ከእኛ ወደ ምዕራብ፣ ብዙ ሳይርቅ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል አለው። በዚህ አካባቢ ለመጻፍ ብራናም ቀለምም ነበረ። ለገበሬው ግን አልደረሰም።

ፊደል ያለበት ድንጋይ ተመራማሪ ይጠራል። የዳህላክ ሱልጣኖች የዘር ሐረግ በአብዛኛው የታወቀው ከመቃብር ድንጋያቸው ነው፤ ድንጋዮቹም እስከ ካይሮና አውሮፓ ሙዚየሞች ተበትነዋል። መቀሌ አጠገብ ኵሓ ላይ የተገኙት ዐረብኛ ጽሑፎች በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚያ ደጋ የሙስሊም ማኅበረሰብ ይኖር እንደነበር መሰከሩ። ከእኛ ወደ ደቡብ የይፋት ሱልጣኖች የነበሩት የወላስማዎች መቃብር ታሪክ ጸሐፊዎችን ስቧል። ደስ ይለናል። ለኛ ማሽላ ዘሪዎች ራስጌ ግን ማንም ከውጭ አይመጣም፣ የሚነበብ ነገር የለማ። በዓለም ላይ ፋይንድ ኤ ግሬቭና ቢሊዮን ግሬቭስ የሚባሉት የበጎ ፈቃደኞች መዝገቦች እንኳ የሚሠሩት ድንጋዩ ላይ ስም አለ ብለው ነው፤ ፎቶ ታነሳለህ፣ ያነበብከውን ትጽፋለህ፣ አለቀ። እዚህ ፎቶ ብቻውን ምንም አይነግርም።

ስለዚህ ሥራችን ከሰው ይጀምራል። አዛውንቱን ይዘን፣ ዱዓቸውን ወይም ጸሎታቸውን ተቀብለን፣ በእሳቸው እርምጃ እንሄዳለን። በከዘራቸው እየጠቆሙ «ይቺ የአባቴ እናት ናት፤ ያ ከጎኗ ያለው በኅዳር በሽታ የሞተው ወንድሟ» ይላሉ። ድምፃቸውን እንቀዳለን፣ ድንጋዩን ፎቶ እናነሳለን፣ ቁጥር እንሰጣለን። ቅጻችን ላይ «የሞተበት ዓመት» ከሚለው ይልቅ «ጊዜው በምን ይታወሳል?» የሚል መስመር ይቀድማል። የክፉ ቀን፣ የሰገሌ፣ የኅዳር በሽታ፣ የጣልያን ጊዜ፣ የስድሳ ስድስት ድርቅ፣ የሰባ ሰባት ረሃብ፤ የኛ ሰው ሞትን የሚቆጥረው በነዚህ ነው። የኅዳር በሽታን ኅዳር 1911 ብሎ መተርጎም የመዝጋቢው የማታ ሥራ ነው። የሂጅራ ዓመትም ከተነገረን እንደተነገረን ይጻፋል፣ ሒሳቡ ከጎኑ ይቀመጣል።

ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ድንጋይ የተለያየ ስም ቢሰጡስ? ሁለቱንም እንጽፋለን፣ ማን እንዳለ ጨምረን። ዳኛ አይደለንም።

ሴቶቹን መቃብር ድረስ እንዲመጡ አንጠብቅም፤ በሙስሊሙ ልማድ ጀናዛ የሚሸኘው ወንዱ ነው። የዘር ቆጠራው ግን ያለው በነሱ ዘንድ ነው። ማን ማንን አገባ፣ የትኛው ሕፃን በየትኛው ወረርሽኝ ሄደ፣ ይህ የሚወጣው ቡና ተፈልቶ በሦስተኛው ስኒ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ መቃብር ምዝገባ ሁለት ቦታ ይካሄዳል፦ መቃብሩ ላይና ቡናው ዘንድ። ቡናው የቀረበት መዝገብ ጎዶሎ ነው ብለን እናምናለን፣ እንዲያውም ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብንባል ቡናውን እንመርጣለን።

ስለ መሣሪያ ብዙ አንናገርም። ኮቦ ቱልቦክስ የሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። የስልክ ጂፒኤስ ግን በጠራ ሰማይ ሥር ከ3 እስከ 5 ሜትር ሊስት ይችላል፤ በዚህ ስፋት ሦስትና አራት መቃብር ይገባል፤ ጥድና ወይራ ሥር ደግሞ ይብስበታል። በመሆኑም ከማይነቃነቅ ነገር፣ ከመስጊዱ ማዕዘን ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ በር፣ በሜትር እንለካለን፤ በወረቀት እንስላለን። ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ካጋጠመ ጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ጸሐይ በጎን ስትመታው ፎቶ ይነሳል፤ እኩለ ቀን ላይ የማይታየው ፊደል ያኔ ጥላ ይጥላል። በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ፣ ጠመኔ መቀባት፣ የድንጋዩን ሽበት መፋቅ፣ የወደቀውን ማቆም ክልክል ነው። መቆፈርማ የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ራሱ ያለፈቃድ ይከለክላል።

«መቃብር ማክበር ሽርክ ነው» የሚለን ወንድም ይኖራል። ስጋቱን እናውቀዋለን፤ ወሎ ውስጥ ክርክሩ የቆየ ነው። የምንሠራው ግንብ የለም፣ የምንቀባው ኖራ የለም፣ የምናለብሰው ጨርቅ የለም። ነቢዩ የዑስማን ኢብን መዝዑንን መቃብር ለይተው ለማወቅ ራስጌው ላይ ድንጋይ እንዳኖሩ አቡ ዳዉድ የዘገቡት ሐዲስ አለ። እኛም ከመለየት አናልፍም። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ ቦታ ሲጠብ በአሮጌው ላይ አዲስ ይቀበራል። እዚያ የሚመዘገበው ከላይ ያለው ብቻ ሳይሆን ከሥር ያሉትም ናቸው፣ ካህኑና ቤተ ዘመዱ እስከሚያስታውሱት ድረስ።

ሁለቱን ግቢዎች በሁለት መዝገብ አንከፍልም። ቅሬያችን አንድ ነው፤ የሙስሊሙን ቀብር ክርስቲያኑ፣ የክርስቲያኑን ሙስሊሙ ይቆፍራል። ይመርና አሊ የሚባል ክርስቲያን ባለበት አገር ስም አይቶ የተቀበረበትን ግቢ መገመትም አይቻልም። የአንዱ ቤተሰብ ሐረግ ከመስጊዱ ጥግ ተነስቶ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሊገባ ይችላል። ሁለት ካርታ የሠራ ሰው ያንን ሐረግ ይቆርጠዋል።

ድንጋይ እንኳ ያልቆመላቸው አሉ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ከንጉሥ ሚካኤል ጋር ተሰልፎ የወደቀው ወሎዬ፣ ማይጨው የቀረው፣ በ1966 በመንገድ ዳር መጠለያ ሞቶ በጅምላ የተቀበረው፣ በ1977 ለሰፈራ መተከልና ጋምቤላ ተወስዶ እዚያው የቀረው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በአፋር በረሃና በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል ወደ ሳዑዲ ሲል ባሕር ወይም አሸዋ የወሰደው ልጅ። እናቱ ለቅሶ ተቀምጣለች፤ ቅሬው መጥቷል፤ መቃብር የለም። ለነዚህ በእያንዳንዱ ቅሬ መዝገብ መጨረሻ ገጾች ይተዋሉ። ስም፣ የተነሳበት ቀን፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ወይም የደወለበት ቦታ። ቤተሰቡ ከፈቀደ ብቻ።

ሁሉን ለሁሉ አንከፍትም። ወርቅ አለ ብሎ አሮጌ መቃብር የሚቆፍር ሌባ ካርታ ማንበብ ይችላል። የመቃብር ቦታው ድንበር ኦፕን ስትሪት ማፕ በሚባለው ክፍት ካርታ ላይ በይፋ ይገባል፤ የእያንዳንዱ መቃብር ነጥብ ግን በይፋ አይወጣም። የቅርብ ዘመን ሙታን፣ በተለይ በ2014ቱ የሰሜኑ ጦርነት የሞቱት፣ ያለ ቤተሰብ ፈቃድ አይወጡም። በዚያ ጦርነት የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ አይተናል፤ አንድ ቦታ የተቀመጠ ቅርስ በአንድ ቀን ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ቅጂ ለቅሬው፣ አንድ ለመስጊዱ ወይም ለቤተ ክርስቲያኑ፣ አንድ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም፣ አንድ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ።

ከወረዳውና ከማዘጋጃ ቤቱ የምንጠይቀው ገንዘብ አይደለም። መንገድ ሲቀየስ፣ ለቤት ቦታ ሲሸነሸን፣ ቀያሹ ችካል ከመምታቱ በፊት ይህን ካርታ ይመልከት። መቃብር የግድ መነሳት ካለበት ቤተሰቡ ቀድሞ ይወቅ። ከቢስቲማ ከተሳካ ሐይቅ፣ ኮምቦልቻና ደሴ ሩቅ አይደሉም፤ ከአሥር ዓመት በኋላ በደቡብ ወሎ መዝገብ የሌለው ቅሬ እንዳይኖር እንፈልጋለን። ብዙ ነው። ቢሆንም ቅሬው አለ፣ ሰዉም አለ።

መቃብር የሚለካው ሣሩ ሲደርቅ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ሰውን ለመጠየቅ ግን ወቅት አንጠብቅም። በየቅሬው በመጀመሪያ የሚጠየቁት ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ የቅሬ ዳኞች ስማቸውንና ቤታቸውን በዚህ ወር ይስጡን።