ትንፋሽ ከጠፋ ናታራጃሳና የለም

በአንድ እግር መቆም። ሌላውን እግር ከኋላ ወደ ላይ ማንሳት። ክንድን በጭንቅላት በላይ አሳልፎ የዚያን እግር ጣት መያዝ፣ ደረትን ከፍቶ ወደ ኋላ መታጠፍ። ናታራጃሳና ይህ ነው። ስልካችንን በከፈትን ቁጥር አንድ ሰው እንዲህ ቆሞ እናገኛለን። ከጀርባው ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ላይኩ ይዘንባል። በፎቶው ላይ የማይታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው ይተነፍስ እንደሆነ።

ክርክሬ አጭር ነው። እዚያ ላይ ሆኖ በእርጋታ መተንፈስ ያቃተው ሰው ቅርጹን ቀዳ እንጂ አቋሙን አልሠራም። ምቾት ከዓመታት ልፋት በኋላ የሚሰጥ ሽልማት ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የልምምዱ መለኪያ ነው።

ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። የፓታንጃሊ ዮጋ ሱትራ ስለ አሳና ሲናገር የሚጠይቀው ጽናትና ምቾትን ነው። እግር የት ድረስ ይነሳ የሚል ነገር የለበትም። «እሱ እኮ ስለ መቀመጥ ነው» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፤ በዚያ ዘመን አሳና በዋናነት ለማሰላሰል መቀመጥ ነበር። ታዲያ መሬት ላይ ከተቀመጠ ሰው ምቾት ከተጠየቀ፣ በአንድ እግር ቆሞ ጀርባውን ከሚያጥፍ ሰው እንዴት አይጠየቅም?

ስሙንም እዩት። ናታራጃ ማለት የዳንስ ንጉሥ፣ የሚደንሰው ሺቫ ነው፤ በደቡብ ህንድ ታሚል ናዱ፣ ቺዳምባራም ውስጥ ታላቅ መቅደስ አለው። በቾላ ነገሥታት ዘመን ከነሐስ የተሠሩትን ምስሎቹን ተመልከቱ። የተነሳው እግር ወደ ፊት ነው፣ የቆመበት ጉልበት ለስለስ ብሎ ታጥፏል። ዙሪያውን እሳት ይነዳል፣ ፊቱ ግን ጸጥ ያለ ነው። እኛ ስሙን ወስደን ፊቱን ትተነዋል።

አሁን ወደ አካላችን እንምጣ፤ ጉዳቱ ያለው እዚህ ነው። ጭን ከዳሌ ወደ ኋላ የሚሄደው በብዙ ሰው 20 ዲግሪ ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ደግሞ የብሽሽቱ ጡንቻ ስለሚያጥር ከዚያም ያንሳል። የላይኛው ጀርባ በጎድን አጥንት ታስሮ ብዙ አይታጠፍም። ዳሌው እምቢ ካለ፣ ትከሻው እምቢ ካለ፣ እግሩን ግን በግድ ከሳብነው ዕዳውን ማን ይከፍላል? ወገብ። ያውም 5 አጥንቶች ብቻ ያሉት የታችኛው ጀርባ። ጀርባን ደጋግሞ ወደ ኋላ ማጠፍ በወጣት ጂምናስቲከኞች ወገብ ላይ የአጥንት ስንጥቅ እንደሚያስከትል ሐኪሞች ያውቁታል። የትንፋሽ መቆም፣ የጥርስ መነከስ፣ የፊት መጨማደድ የወገባችን አቤቱታ ናቸው። ይህንን ነው «ጥንካሬ» እያልን የምናጨበጭብለት።

«ያለ ትግል ዕድገት የለም» ይባላል። ማንም ጡንቻ አይሥራ አላለም። የቆመው እግር ይሠራል፣ ቂጥ ይሠራል፣ ሆድ ይሠራል። ምቾት ስንፍና አይደለም። ሥራው እየተሠራ ትንፋሹ ሳይቋረጥ ሲቀር ነው ምቾት የምንለው።

ሌላው ተቃውሞ ቀበቶን የሚመለከት ነው። እግርን በቀበቶ መያዝ የጀማሪ ምልክት ነው ብለው የሚያፍሩ አሉ። ቢ.ኬ.ኤስ. አይንጋር በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ላይት ኦን ዮጋ» አቋሞችን በክብደት እስከ 60 ደረጃ ሲያወጣ ለናታራጃሳና 58 ሰጥቶታል። ቀበቶንና ብሎክን በዓለም ያስፋፋውም እሱ ራሱ ነው። ክብደቱን ከማናችንም በላይ የሚያውቀው ሰው ያላፈረበትን እኛ ምን አሳፈረን?

ከሁሉ የሚከፋው ግን የተማሪውን እግር ከኋላ ይዞ ወደ ላይ የሚጎትት አስተማሪ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ተብሏል። ከውጭ የሰበሩት እንቁላል ግን መጥበሻ ላይ ነው የሚገኘው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ግድግዳ አጠገብ ቁሙ። መጀመሪያ አንድ ጉልበት መሬት ላይ አሳርፋችሁ የብሽሽቱን ጡንቻ አላሉ። ከዚያ ቁሙና ቁርጭምጭሚታችሁን ብቻ ከኋላ ያዙ፤ ክንድ በጭንቅላት በላይ የሚዞርበት ጊዜ ይደርሳል። የቆመውን ጉልበት አታድርቁ። ዓይናችሁን በማይንቀሳቀስ አንድ ነጥብ ላይ ትከሉ፤ ሚዛን በዓይንም ጭምር ይጠበቃልና። በአፍንጫ 5 ረጃጅም ትንፋሽ ቁጠሩ። ከተቆራረጠ አንድ እርምጃ ተመለሱ። ወገብ ላይ የሚወጋ ሕመም ወይም እግር ላይ መደንዘዝ ከመጣ የዚያን ቀን ይብቃ። የዲስክ ችግር ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክረው።

ፎቶ ለምትለጥፉና ለምታስተምሩ አንድ ጥያቄ አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ፎቶውን ተዉትና ድምፅ ያለው ቪዲዮ ልቀቁልን። እግራችሁ ከወገባችሁ በላይ ባይወጣም ግድ የለንም። 5ቱን ትንፋሽ አሰሙን።