የኢዳን ራይክል ለስላሳ አልበምና የቤታችን ክርክር

እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የኢዳን ራይክል ፕሮጀክት የመጀመሪያ አልበም ብዙ ድምፆችን አሰባስቦ አማርኛችንን በእስራኤል ሬዲዮ አሰማ። በ2016 ግን ኢዳን በራሱ ስም፣ በፒያኖውና በራሱ ድምፅ ላይ ያተኮረ ለስላሳ አልበም አወጣ። እዚህ አሽዶድ ውስጥ አንዳንዶቻችን «ቋንቋችንን ተወው» እንላለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ «አባት ሆኗል፤ ረጋ ቢል ምን ክፋት አለው?» እንላለን።

በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ዘፋኝን ባለበት ቁም ማለት አይቻልም። ቅር ያሰኘን የዜማው መለስለስ ሳይሆን አማርኛችንን በአንድ ሙዚቀኛ ትከሻ ላይ መጣላችን ነው። ኪርያት አርባ የተወለደችው አስቴር ራዳ «ናኑ ነይ»ን በራሷ ድምፅ አዜመች። ልጆቻችንም የሚያዜሙት ቤት ውስጥ የሰሙትን ነው፤ እንግዲህ በአማርኛ እናናግራቸው።