ብርዱን ለመዱት፤ ልብዎስ?

«ለምጄዋለሁ፤ አሁን አይሰማኝም።» በየማለዳው እንጦጦ ወጥተው የሚጠመቁም ሆኑ በቤታቸው በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብን ልማድ ያደረጉ ታካሚዎች ይህን ይነግሩኛል። እውነታቸውን ነው፤ ሰውነት ቅዝቃዜን ይለምዳል። ጥያቄው የለመደው ምኑ ነው የሚለው ነው።

ቀዝቃዛ ውኃ ድንገት ሲያርፍብን ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ልብ ይፈጥናል፣ የቆዳ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ የደም ግፊትም ይጨምራል። ድንጋጤው በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይበረታና በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ረገብ ይላል። የሚደንቀው ሲደጋገም የሚሆነው ነው። በተደረጉ ጥናቶች ጤነኛ ሰዎች ለጥቂት ደቂቃ አምስት ስድስት ጊዜ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገቡ፣ የትንፋሹና የልብ ምቱ ድንጋጤ በግማሽ ገደማ ቀንሷል። በአንድ ጎኑ ብቻ ውኃውን የለመደ ሰው በሌላው ጎኑም ድንጋጤው ቀንሶለታል። ስለዚህ በዋናነት የሚለምደው ቆዳው ሳይሆን አንጎሉ ነው ማለት ነው። በካናዳ የጋስፔ ዓሣ አጥማጆችም እጃቸውን በረዷማ ውኃ ውስጥ ሲነክሩ ሕመሙ ከሌላው ሰው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ የደም ግፊታቸውም እንደሌላው አልጨመረም።

ይህ ለጤነኛ ሰው መልካም ዜና ነው። ልቡን የሚመግቡት የደም ሥሮች ለጠበቡበት ሰው ግን የሕመሙ መቀነስ ማስተማመኛ አይሆንም። ድንጋጤው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ የደም ሥሮቹ አሁንም ይጠባሉ፣ ልብም በዚያ ጫና ላይ ደም ይገፋል። ስኳር ለዓመታት የቆየበት ሰው ደግሞ ነርቮቹ ስለሚጎዱ የልብ ጡንቻው ደም ሲያጣ እንኳ ደረቱን ላያመው ይችላል። ፊትን በድንገት መንከርም ሌላ ነገር ያመጣል፤ የፊት ቅዝቃዜ ልብን «ቀስ በል» ሲለው የገላው ቅዝቃዜ «ፍጠን» ይለዋል። በዚህ መሐል የልብ ምት ሊዛባ ይችላል።

ፀበሉን ይተዉ እያልኩ አይደለም፤ እምነት የየራስ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ኪኒናው ነው። ብርዱ መሰማቱን ሲያቆም «ድኛለሁ» ብለው የግፊት መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡ አሉ። የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ስሜት የለውም፤ የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው። አንዳንዱ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ደግሞ ግፊቱን ከቀድሞውም በላይ ከፍ ያደርገዋል።

የግፊት፣ የልብ ወይም የስኳር ታካሚ ከሆኑ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። ከተፈቀደልዎ ከእጅና ከእግር ጀምረው ቀስ በቀስ ያርጥቡ፤ ጭንቅላትዎን በመጨረሻ ያድርጉት፤ ብቻዎን አይሁኑ። ደረትዎን ከጨመደደዎ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ካዞረዎ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎ ወዲያው ይውጡና በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም ይሂዱ። «ብርድ ነው፣ ያልፋል» ተብሎ ጋቢ ለብሶ የሚተኛበት ሕመም አይደለም።